«ዋሻ አይናወጥም» ለሚሉን

የዓባይ በረሃ መንገድ በክረምት በሰመጠና በተሸራተተ ቁጥር ደጀን ላይ ያው ምክር ይሰማል፤ ተራራውን በስቶ ማለፍ። «አለት ውስጥ የገባ መንገድ ናዳም መንቀጥቀጥም አያገኘውም» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ሰው ያስጨርሳል።

በጥልቅ አለት ውስጥ ያለ ዋሻ ከአለቱ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ መሬት ላይ ከቆመ ሕንፃ ያነሰ ይናወጣል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። ግን የትኛውም ዋሻ መግቢያና መውጫ አለው፤ የሚከፈቱትም ልንሸሸው በፈለግነው ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ገደል ከላይ ባዛልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ውሃ ሲጠጣ የሚልም ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ ነው። እዚያ ላይ አፉን የከፈተ ዋሻ ከናዳው በምን ያመልጣል?

ታይዋን ውስጥ ከ1999 እ.ኤ.አ. የቺቺ ርዕደ መሬት በኋላ ከተመረመሩ 57 የተራራ ዋሻዎች 49ኙ ተጎድተው ተገኝተዋል። ጃፓን ውስጥ በ1930 እ.ኤ.አ. በቁፋሮ ላይ የነበረው የታና ዋሻ በርዕደ መሬት ጊዜ የምድር ስንጥቅ በሚያቋርጥበት ቦታ ከ2 ሜትር በላይ ወደ ጎን ተዛንፏል።

የእኛው የጣርማ በር ዋሻ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው፣ በስምጥ ሸለቆው ግድግዳ አናት ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራ ቆሬ ርዕደ መሬት የተነሳው ከዚያው ሰንሰለት ግርጌ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ወሬው ሁሉ ስለ አዲስ አበባ ፎቆች ነበር፤ ስለ ዋሻ የጠየቀ አልሰማሁም።

ዋሻን ማጠናከር ምስጢር የለውም። ከልባሱ ኮንክሪት ጀርባ የቀረውን ክፍተት በሲሚንቶ መሙላት፣ አለቱን በረጃጅም ብረት መስፋት፣ የተሰነጠቀውን በብረት መረብና በሚረጭ ኮንክሪት ማልበስ። የምድር ስንጥቅ የሚያቋርጥ ዋሻ ግን ግትር መሆን የለበትም፤ ሰፋ ተደርጎ፣ በክፍል በክፍል ተቆርጦ፣ በሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ይያያዛል። ከሁሉም የሚቀድመው ከአፉ በላይ ያለውን ተዳፋት ማሰርና ውሃውን ማፍሰስ ነው። ለዚህ ሥራ ሪባን አይቆረጥም፤ የሚረሳውም ለዚህ ይመስለኛል።

ለዓባይ በረሃ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የውሃ መውረጃ ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ደግሞ ሌላ ዋሻ ከማቀዱ በፊት ጣርማ በርን አስመርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ይፋ ያድርግ።