ጎማው ገባ፣ ሥራው ግን አላለቀም

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ ጎሚስታ ኮምፕሬሰሩ ይንደቀደቃል። ነጭ ደብል ጋቢና ፒክአፕ በክሪክ ተነስታለች፤ ከግድግዳው ሥር አራት አዳዲስ ጎማዎች ተደርድረዋል። ወጣቱ ሠራተኛ የመጨረሻውን ጎማ ቸርኬው ላይ አስገብቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ባላንስ ይሠራላቸው?» ይላል። ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል። «ተወው ልጄ፣ ወደ ገጠር ነው የምወጣው። መንገዱ ራሱ ያንቀጠቅጣታል።» ዳዶው ይጠብቃል፣ ክሪኩ ይወርዳል፣ መኪናዋ ትሄዳለች።

ይህን መልስ በየጎሚስታው የሚሰጡት ብዙዎች ናቸው። ለአንድ የፒክአፕ ጎማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ብር የከፈለ ሰው፣ ጎማው ሚዛኑን ጠብቆ እንዲዞር የሚያደርገውን ትንሽ ክፍያ ይቆጥባል። ገንዘቡ ግን አልዳነም። ጎማው ያለ ዕድሜው ሲያልቅ ያው ብር ተመልሶ ይወጣል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። በብዙ ፒክአፖች ላይ የሚገባው 265/65 አር 17 ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 78 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መኪናዋ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ይህ ጎማ በሰከንድ ከ11 ጊዜ በላይ ይዞራል። አስፋልቱን በሚነካው የጎማው ፊት ላይ በአንድ ቦታ 50 ግራም ትርፍ ክብደት ቢኖር፣ በዚህ ፍጥነት 10 ኪሎ በሚያህል ኃይል ጎማውን ወደ ውጭ ይጎትታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጉተታው ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ይወርዳል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናልና። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ እስኪደረስ ጎማው ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል። ያ ሁሉ ምት የሚያርፈው ኩሽኔታው፣ አሞርዛተሩ፣ የመሪው መጋጠሚያዎችና ጎማው ራሱ ላይ ነው። ጎማው ዙሪያውን እኩል በማለቅ ፈንታ ቦታ ቦታ እየተበላ ይጎደጉዳል፤ አንዴ ከጎደጎደ በኋላ ደግሞ ባላንስ ቢሠራለትም ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ አይጠፋም።

ሹፌሩ «መንገዱ ያንቀጠቅጣታል» ያለው እውነት ነው። ግን ኮረኮንች መንቀጥቀጡን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ያው ሹፌር አንድ ቀን የአዲስ አበባ–አዳማን የፍጥነት መንገድ ሲይዝ፣ በሰማንያና በመቶ መካከል መሪው እጁ ላይ መንዘር ይጀምራል። ያኔ ጥርጣሬው ወደ አላይመንት ይሄዳል። አላይመንት ሌላ ነገር ነው። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ስትስብ፣ ወይም ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ሲበላ ጉዳዩ የአላይመንት ሊሆን ይችላል። በተወሰነ ፍጥነት መጥቶ ፍጥነቱ ሲቀየር የሚጠፋ መንዘር ግን በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ባላንስን ነው።

ፒክአፕ ከቤት መኪና የበለጠ ይህን የምትፈልግበት ምክንያት አላት። ጎማዋ ከባድና ሰፊ ነው፤ ለጭቃ የተሠራው ደግሞ ጥርሱ ወፍራም ስለሆነ ክብደቱ በእኩል የመከፋፈል ዕድሉ አነስተኛ ነው። ከኋላ ባሌስትራዋ ጭነት እንዲችል የተሠራ በመሆኑ፣ ባዶዋን ስትሄድ ኋላዋ ይዘላል። ጭነት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ጎማው ላይ 112 የሚል የጭነት ቁጥር ካለ፣ አንዱ ጎማ የሚችለው እስከ 1,120 ኪሎ ነው። ለቤት መኪና የተሠራ፣ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ጎማ በርካሽ ተገዝቶ በፒክአፕ ላይ ሲገባ፣ የትኛውም ባላንስ አያድነውም።

ጥሩ ባላንስ የሚጀምረው ከአገጣጠሙ ነው። አዲስ ጎማ ጎኑ ላይ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነጥብ ይኖረዋል፤ የጎማው ቀላል ቦታ እዚያ ነው ለማለት ፋብሪካው ያደረገው ምልክት ነው። አየር መሙያው ቫልቭ በሚገኝበት በኩል ቸርኬው ጥቂት ስለሚከብድ፣ ነጥቡ ከቫልቩ ትይዩ ሲውል አንዱ ሌላውን ያካክሳል፤ ሚዛን ለማስተካከል ቸርኬው ላይ የሚጨመረው እርሳስም ይቀንሳል። ነጥቡን የሚፈልግ ጎሚስታ ሲገኝ ደስ ይላል። ከዚያ በፊት ግን የቸርኬው ጠርዝ ከዝገትና ከአሮጌ ጎማ ርዝራዥ መጽዳት አለበት፤ የጎማው ከንፈር በሳሙና ውሃ መራስ አለበት። በደረቁ በብረት ማንሻ ተገፍትሮ የገባ ጎማ ከንፈሩ ሊሰነጠቅ፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ቀለበትም ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ የሚገለጠው ከጊዜ በኋላ፣ መንገድ ላይ ነው።

በየጎሚስታው ሌላም አስፈሪ ነገር ይታያል። ጎማው ቸርኬው ላይ አልቀመጥ ሲል፣ ወጣቱ ላዩ ላይ ተደፍቶ አየሩን ይጨምራል፤ ይጨምራል። በሰፊው ተቀባይነት ያለው ወሰን ለእንዲህ ዓይነቱ ጎማ 40 ፒኤስአይ ነው። በዚህ ካልተቀመጠ አየሩን አስተንፍሶ እንደገና ማራስ እንጂ መጨመር አይገባም። አንዳንዶች ቤንዚን ረጭተው በእሳት ሲያስቀምጡትም ይታያል። ቁራሽ እንጀራ ፍለጋ ከተማ የመጣ ልጅ ፊቱና እጁ ለፍንዳታና ለእሳት ሊዳረግ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ማሽኑ ይመጣል። ጎማው ሲዞር ማሽኑ ሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ጎማውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘልለው ነው፤ ሌላው የውስጡና የውጭው ጎን ክብደት ሳይመጣጠን ሲቀር ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያወዛውዘው ነው። መሪውን በአብዛኛው የሚያንዘረው ይህ ሁለተኛው ነው። ማሽኑ እውነት የሚናገረው ግን ቸርኬው መሐል ለመሐል ከተቀመጠ ብቻ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ዜሮ ካየ በኋላ፣ ጎማውን ፈትቶ ግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ ያስርና እንደገና ይለካል። ዜሮው ከተለወጠ፣ ቀድሞውኑ በትክክል አልታሰረም ነበር ማለት ነው።

በክረምት ደግሞ ሁሉንም የሚያበላሽ አንድ ነገር አለ፤ ጭቃ። ከእርሻ መንገድ የተመለሰች ፒክአፕ ቸርኬዋ ውስጥ የተጋገረው ጭቃ ሲደርቅ ከማንኛውም እርሳስ ይከብዳል። ሹፌሩ «ትናንት ባላንስ አሠርቼ ዛሬ ተበላሸ» ብሎ ጎሚስታውን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው የቸርኬውን ውስጥ በውሃ ማጠብ ብቻ ነው።

«ማሽኑ በየወረዳው የለም፤ ቢኖርም መብራት ይጠፋል» የሚል ክርክር ይነሳል። ተገቢ ነው። ማሽን በሌለበት፣ የፊት እግሯን በክሪክ አንስቶ ጎማውን በእጅ በቀስታ ማዞርና ሁልጊዜ ከታች የሚቆመውን ከባድ ቦታ ማየት ይቻላል። ግን ይህ የሚያሳየው ጎማውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘልለውን ብቻ ነው፤ እሱንም ፍሬኑ ሳይዝ በነፃነት የሚዞር ከሆነ። ስለዚህ ከገጠር ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚደረገው ማሽኑን ማግኘት ይሁን።

የጎሚስታ ሙያ የሚገባውን ክብር አላገኘም። ጆን ቦይድ ደንሎፕ በ1888 እ.ኤ.አ. በአየር የሚነፋውን የብስክሌት ጎማ ሲሠራ፣ ጎማው ከቸርኬው ጋር በማጣበቂያ የተያያዘ ነበር፤ አንድ ቀዳዳ ለመድፈን ሰዓታት ይወስድ ነበር። የሚሸሊን ወንድማማቾች በ1891 እ.ኤ.አ. የሚፈታ ጎማ ባያመጡ ኖሮ ጎማ ፈትቶ መግጠም የሚባል የዕለት ሙያ ባልኖረም ነበር። እኛም ሙያውን ከነቃላቱ ከጣሊያኖች ወረስን፤ ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ኩሽኔታ እያልን ሰማንያና ዘጠና ዓመት ተሻገርን። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ሙያ ዛሬም በአብዛኛው በዓይን እያዩ የሚማሩት፣ በድፍረት የሚሠሩት ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ጎማ ገጣሚዎችን በአጭር ሥልጠና ቢያስተምሩ፣ ብዙ ወጪ ሳያስከትል ብዙ ሰው ያድናል።

ከዚያም በፊት ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ጎማ የሚሸጡና የሚገጥሙ ሁሉ ባላንስን ለብቻው «ይሠራ ወይስ ይተው?» ብለው መጠየቃቸውን ያቁሙ። መግጠምና ባላንስ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ደረሰኝ ይሁኑ። ብዙ ፒክአፕ የሚያንቀሳቅሱ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ለጎማ ለውጥ ክፍያ ሲፈጽሙ፣ የእያንዳንዱ ጎማ ባላንስ መሠራቱና የጎማው የምርት ጊዜ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። በጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች 2319 ከሆኑ፣ ጎማው የተሠራው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ነው። «አዲስ» ተብሎ የተሸጠ ጎማ መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆየ ገዢው ማወቅ መብቱ ነው።

ዳዶውም አለ። አንዱን አጥብቆ ቀጥሎ ያለውን ማጥበቅ ቸርኬውን ሊያጣምመው ይችላል፤ የሚጠብቀው በመስቀለኛ፣ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገሩ ነው፣ በመጨረሻም በእጅ መፍቻ። አዲስ የገባ ቸርኬ ደግሞ ጥቂት ከሄደ በኋላ ቦታውን ይይዛል፤ ዳዶው ያኔ ሊላላ ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ጎሚስታ ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም አይልም። መኪናዋ ስትነሳ መስኮቱ ላይ ተጠግቶ፣ «ጋሼ፣ አዳማ ሲደርሱ አንዴ ቆም ብለው ዳዶዎቹን በመፍቻ ይሞክሯቸው» ይላል።