በሱቅ ውስጥ የሚያታልለን ሚዛን፦ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እጀታ

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚናገረው ስለ ርዝመቱ፣ ስለ መተጣጠፉና ስለ ተሠራበት ካርቦን ፋይበር ነው። ስለ እጀታው የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ቢገኝም ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ስለ መልኩ ነው። እኔ ግን ከዘንጉ ክፍሎች ሁሉ ብዙ ፊዚክስ የያዘው፣ አብዝቶም የተናቀው እጀታው ነው እላለሁ።

በአገራችን ሐይቆች አብዛኛው ዓሣ የሚያዘው በመረብ በመሆኑ ነገሩ የጥቂቶች ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ከጥቂቶቹ አንዱ እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀውን ትራውት ለማጥመድ አስቤ አንድ ዘንግ ገዛሁ። ሻጩ መያዣው ላይ በአንድ ጣቱ ደግፎ እንደ ሚዛን ቀጥ ብሎ ሲቆም አሳየኝ፤ እኔም አመንሁ። ወንዙ ዳር በዋልሁ ቀን ግን እኩለ ቀን ሳይደርስ ክንዴ ዝሎ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። በኋላ እጀታውን ብፈታው በመጨረሻው ላይ ድፍን ብረት ተቀብሮበት አገኘሁ።

የሆነውን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ማጠንጠኛውን ለጊዜው እንተወውና ዘንጉ 150 ግራም፣ የክብደት ማዕከሉም ከመዳፋችን 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት የራቀ ይሁን። በእጅ አንጓችን ላይ የሚያርፈው የማዞር ጉልበት 0.88 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከጭብጣችን 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠ 900 ግራም ድንጋይ እንደ መያዝ ነው። አሁን ከእጃችን 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ 450 ግራም ብረት ብንቀብር ሚዛኑ ይስተካከላል። ሻጩ ያሳየኝ ይህንን ነው። ሆኖም እጃችን የሚሸከመው 150 ግራም መሆኑ ቀርቶ 600 ግራም ሆኗል። ከዚህም የባሰ አለ። በውርወራ ጊዜ የሚያደክመን ዘንጉን ለማንቀሳቀስና መልሶ ለማቆም የሚያስቸግረው የመሽከርከር ኢነርሺያ ነው፤ ይህም የሚያድገው በርቀቱ ካሬ ነው። ኋላ የተቀበረው ብረት የራሱን ኢነርሺያ ይጨምራል እንጂ ከፊተኛው ቅንጣት አይቀንስም። ስለዚህ ቆሞ የተመዘነው ዘንግ ሲወረወር ሌላ ዕቃ ነው።

የሚቃወሙኝ አሉ፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ጥቂት ጊዜ ወርውሮ ዘንጉን ቀና አድርጎ ለረጅም ሰዓት ለሚጠብቅ ሰው የኋላው ክብደት እውነተኛ እፎይታ ነው። ቀኑን ሙሉ በየደቂቃው ለሚወረውር ግን ቅጣት ነው።

በሁለት እጅ በሚወረወረው ዘንግ ደግሞ ርዝመት ይገባበታል። የላይኛው እጅ ሲገፋ የታችኛው ይስባል። የሚፈለገው የማዞር ጉልበት 12 ኒውተን ሜትር ቢሆንና እጆቻችን 30 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ እያንዳንዳቸው 40 ኒውተን ማውጣት አለባቸው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ 20 ይበቃል። ነገር ግን ነፃ ስጦታ የለም፤ ጉልበቱ በግማሽ ሲቀንስ እጆቻችን አንዱ ከሌላው አንጻር የሚጓዙት መንገድ እጥፍ ይሆናል። ክንዱ አጭር የሆነ ሰው ረጅሙን እጀታ በሚፈለገው ፍጥነት ሊያዞረው አይችልም፤ የእጀታው መጨረሻም ከጎኑ ጋር ይጋጫል። አንድ ርዝመት ለሁሉ ይበቃል የሚለው አሠራር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ቅርጹ ስንመጣ፣ ብሪታኒያዊው የአናቶሚ ሊቅ ጆን ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1956 የእጅን አያያዝ በሁለት ከፍሎ ነበር፤ አንዱ የጉልበት፣ ሌላው የጥንቃቄ። መዶሻ የመጀመሪያውን፣ ብዕር ሁለተኛውን ይሻል። የማጥመጃ ዘንግ ሁለቱንም በአንድ ቅጽበት ውስጥ ይጠይቃል። ለዚህም ነው ከፊቱ ሰፋ የሚለው እጀታ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ማጥመጃ ዘንጎች መጽሐፍ ባሳተመው በአሜሪካዊው ሄንሪ ዌልስ ስም የሚጠራው፣ ለከባድ ዘንግ የሚመረጠው። አውራ ጣት በስፋቱ ላይ ተደግፎ መግፋት ይችላል። እንደ ሲጋር በሁለቱም ጫፍ የሚቀጥነው ደግሞ ለቀላል ዘንግ ይስማማል። ውፍረቱ ከእጅ መጠን ጋር ካልተስማማ ግን ማንኛውም ቅርጽ አያድንም። እጀታው ሲቀጥን ጣቶች ከልክ በላይ ይታጠፋሉ፤ ሲወፍር ደግሞ ዙሪያውን አይገጥሙም። በሁለቱም መንገድ ጣትን የሚያጥፉት የክንድ ጡንቻዎች ከተመቻቸው ርዝመት ይወጡና ለዚያው ሥራ አብዝተው ይጨብጣሉ። የእኔ ጣቶች አልታጠፍ ያሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር፤ እጀታው ለእኔ መዳፍ ወፍራም ነበርና።

ስለ ቡሽም አንድ ነገር ልበል። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 በማይክሮስኮፕ አይቶ «ሴል» የሚለውን ስም ያወጣለት ይኸው ቡሽ ነው። በአየር የተሞሉት ክፍሎቹ ሲጨመቁ ወደ ጎን አይለጠጡም፤ ስለዚህ በጭብጥ ውስጥ ቅርጹን ይጠብቃል፤ እጅንም አያቀዘቅዝም። ለእኔ የጠቀመኝ ግን ሌላ ባሕርዩ ነው፦ በአሸዋ ወረቀት ይሞረዳል።

ገበሬያችን የመቆፈሪያውን እጀታ ራሱ ጠርቦ በእጁ እየለካ ያስተካክላል፤ እኛ ግን በሱቅ የተገዛውን እንደ ሕግ እንቀበላለን። በሜካኒክስ ትምህርታችንም እጅ በሌቨሩ ላይ የምትሣል አንዲት ቀስት ናት፤ ስፋትም መጠንም የላትም። ተማሪዎች ሁለት ዘንግና አንድ የክር ሚዛን ተሰጥቷቸው ይህንን ስሌት በገዛ እጃቸው ቢፈትኑ መልካም ነበር።

ብረቱን ከዘንጌ አውጥቼ ቡሹን ለሁለት ምሽት ሞረድሁት፤ ቀለበት ጣቴ የመዳፌን ሥር እስኪነካ ድረስ። በቀጣዩ ጉዞ እስከ ማታ ወረወርሁ። ዘንጉ ዛሬ በሻጩ ጣት ላይ ቢቀመጥ በአፍጢሙ ይደፋል።