በብርሃን የተጻፈ ድምፅ

የአንድሬይ ታርኮቭስኪን «ሶላሪስ» (1972 እ.ኤ.አ.) የተመለከተ ሰው፣ ከባኽ የኦርጋን ሙዚቃ ሌላ በፊልሙ ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ምን ብሎ እንደሚጠራው ይቸገራል። ሙዚቃ እንዳይለው የሚያንጎራጉረው ዜማ አያገኝም፤ ጫጫታ እንዳይለው ሥርዓት አለው። የድምፁ ባለቤት በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. በ85 ዓመቱ ያረፈው ሩሲያዊው ኤድዋርድ አርቴሚየቭ ነው። አርቴሚየቭን ብዙዎች የሚያውቁት በፊልም ሙዚቃው ቢሆንም፣ የሳይንስ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባው ግን ከዚያ በፊት በሠራው ሙከራ ነው እላለሁ።

አርቴሚየቭ በ1960 እ.ኤ.አ. ከሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ እንደተመረቀ የተጠጋው የሙዚቃ መምህርን ሳይሆን የቭጌኒ ሙርዚን የተባለውን መሐንዲስ ነበር። ሙርዚን ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲያልመው የኖረውን መሣሪያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሠርቶ፣ በሚያደንቀው የሙዚቃ ደራሲ በአሌክሳንድር ኒኮላየቪች ስክርያቢን ስም የመጀመሪያ ፊደላት «አ.ን.ስ.» ብሎ ሰየመው።

የአሠራሩ ሐሳብ የተወሰደው በፊልም ጠርዝ ላይ ድምፅ በብርሃን ከሚቀረጽበት ዘዴ ነው። በእያንዳንዱ የመስታወት ዲስክ ላይ 144 ክብ መስመሮች ታትመዋል፤ ዲስኩ ሲሽከረከር በመስመሮቹ የሚያልፈው ብርሃን በየራሱ ድግግሞሽ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። አምስት ዲስኮች 720 ንጹሕ ድምፆችን ይሰጣሉ። ከፊታቸው በማይደርቅ ጥቁር ማስቲክ የተቀባ መስታወት ይቆማል። ደራሲው ማስቲኩን በፈለገው ቦታ ሲጭረው ብርሃኑ በጭረቱ አልፎ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ሕዋስ ይደርስና በማጉያው በኩል ድምፅ ይሆናል። ከታች ወደ ላይ የድምፁ ቅጥነት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ደግሞ ጊዜው ነው። ስለዚህ ኖታውም፣ ተጫዋቹም፣ መሣሪያውም አንድ ሆኑ። ደራሲው የተሳሳተ እንደሆነ ማስቲኩን መልሶ ይቀባል!

አርቴሚየቭ «ሞዛይክ»ን (1967) እና «የድምፅ ዓለም አሥራ ሁለት ዕይታዎች»ን (1969) ያዘጋጀው በዚሁ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ድርሰት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የሚመላለሰው በአንድ የድምፅ ቀለም ዙሪያ ነው። እነዚህን ሥራዎች ለፊልም የተደረገ ልምምድ አድርገው የሚያዩ አሉ። እኔ አልስማማም። በልምምድ ላይ ያለ ሰው የሚደርስበትን አስቀድሞ ያውቃል፤ አርቴሚየቭ ግን ድምፅ ከምን እንደተሠራ እየጠየቀ ነበር። የፉሪየርን ትምህርት በሰሌዳ ላይ ብቻ የተማርን ሁሉ ልንቀናበት የሚገባ ጥያቄ ነው። (አድማጭን ያሰለቻል የሚለው ወቀሳ ግን ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ እኔም «ሞዛይክ»ን እስከ መጨረሻው የሰማሁት በሦስተኛው ሙከራዬ ነው።)

ጉዳዩ ሩሲያ ብቻ የሚቀር አይደለም። «አ.ን.ስ.» አንዱን ኦክታቭ በ72 ይከፍለዋል፤ በየሰርጉ የምንሰማው ኪቦርድ ግን በ12 ብቻ። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ከሁለት የኪቦርድ ቁልፎች መካከል ባለው ስፍራ ሲያርፍ፣ ኪቦርዱ ያንን ድምፅ የሚያወጣበት ቁልፍ የለውም። ፋብሪካው ያልሰጠንን ድምፅ ቀስ በቀስ ስሕተት ነው ብለን ማመን እንጀምራለን፤ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ጆሮ የሚለምደው የተሰጠውን ነውና።

ስለዚህ የሞገድ ትምህርት የሚሰጡ መምህራን አንድ ነገር ቢሞክሩ እወዳለሁ። ዛሬ የ«አ.ን.ስ.»ን አሠራር ተከትለው ሥዕልን ወደ ድምፅ የሚለውጡ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ። ተማሪው የሳይን ሞገዶችን እየደመረ የማሲንቆን አንድ ድምፅ ለመሥራት ይሞክር፤ ከዚያም የሠራውን ከእውነተኛው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያዳምጥ። የመጀመሪያው ሙከራ ማሲንቆ እንደማይመስል ከወዲሁ መናገር እችላለሁ። ለምን እንዳልመሰለ መጠየቅ ሲጀምር፣ ክፍለ ጊዜው አልቆ ደወሉ ቢደወል እንኳ ከላቦራቶሪው ለመውጣት የሚቸኩል አይመስለኝም።