በቅንፍ ውስጥ የሞተችው እናት

የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። አንድ ነገር ሲያጋጥመኝ ቶሎ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ይሄ በሁለት መስመር ይሸጣል?» የሚል ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተመችው «ወደ መብራት ማማው» የተባለ ልቦለድ አይሸጥም። እስቲ ልሞክረው፦ እናት ለስድስት ዓመት ልጇ፣ ነገ አየሩ ከቀና በጀልባ ተሳፍረን፣ ሌሊት መርከቦችን ወደሚመራው ማማ እንሄዳለን ትለዋለች። አባት አየሩ አይቀናም ይላል። ሳይሄዱ ይቀራሉ። ከዐሥር ዓመት በኋላ አባት ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። አለቀ። ማን ይገዛችኋል?

እኔ ግን ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም የማስነብበው ይህንኑ መጽሐፍ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህር አይደለሁም። በየሳምንቱ አንድ ገጽ ማብራሪያ በአማርኛ ጽፌ እልካለሁ፤ ልጆች ሲተኙ ደግሞ በድምፅ እንወያያለን። ከመካከላችን የባንክ ሠራተኛ አለች፣ ነርስ አለች፣ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራም አለች።

አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «አሁን የሚያስበው ማን ነው?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሞደርኒስት የሚባሉት ዉልፍና ዘመነኞቿ፣ ሰው ከሠራው ይልቅ ሲሠራ ያሰበውን ለመጻፍ ነው የተነሡት። ሐሳብ ደግሞ ይዘላል። ከእናትየዋ ጭንቅላት ይነሣና አራት ነጥብ ሳይጠብቅ እንግዳው ጭንቅላት ውስጥ ይገባል። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» የሞከራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ግራ መጋባቱን ታውቁታላችሁ። የእኔ ምክር ወደ ኋላ አለመመለስ ነው። ያልገባችሁን እያለፋችሁ ሃያ ገጽ ሂዱ፤ ጆሮ ይለምዳል።

ከለመደ በኋላ የምታገኙት ወይዘሮ ራምዚን ነው። ስምንት ልጆች አሏት። ባሏ ፈላስፋ ነው፤ ትልቅነቱን በተጠራጠረ ቁጥር እየመጣ አጽናኚኝ ዓይነት ነገር ይፈልግባታል። እሷ ቁጭ ብላ በክር የልጅ ካልሲ ትሠራለች። ካልሲው ለማማው ጠባቂ ልጅ ነው፤ ልጁ ዳሌውን ታሟል። ርዝመቱን በራሷ ልጅ እግር ላይ ስትለካ ልጁ እየተቁነጠነጠ ያስቸግራታል። በዚያች ቅጽበት በጭንቅላቷ የሚያልፈውን ብትቆጥሩት ይገርማችኋል፦ የወንበሮቹ ማርጀት፣ ማንም የማይዘጋቸው በሮች፣ አባቷ በካንሰር ስለሚሞትባት የቤት ሠራተኛ። ደግሞ የአትክልት ማሳደጊያው የመስታወት ቤት ጣሪያ አለ። ለማሳደስ 50 ፓውንድ ይፈጃል። ለባሏ አልነገረችውም፤ ትፈራለች።

እዚህ ጋ ስንደርስ ቡድናችን ጸጥ አለ። ከዚያ ነርሷ (ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው) «እኔም የወንድሜን ዕዳ እስካሁን አልነገርኩትም» አለች። ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።

መጽሐፉ ሦስት ክፍል አለው። ከግማሽ በላይ ገጹን የሚወስደው የመጀመሪያው ክፍል፣ አንድ ከሰዓትና አንድ ምሽት ብቻ ነው። ሁለተኛው ክፍል ዐሥር ዓመቱን በጥቂት ገጾች ያሳልፈዋል። ቤቱ ባዶ ይሆናል፣ አቧራ ይገባል፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ያልፋል። በመሐል፣ በቅንፍ ውስጥ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የወይዘሮ ራምዚ መሞት ይነገራል። ያም ዓረፍተ ነገር እንኳ የባሏ ነው፤ ክንዱን ይዘረጋል፣ የሚያቅፈው የለም። ሁለት ልጆቿም እንዲሁ በቅንፍ ይሞታሉ።

የባንክ ሠራተኛዋ ተናደደች። «ይህን ሁሉ ገጽ አብረናት ኖረን?» አለች። ለማብረድ አልሞከርኩም፤ ንዴቱ የመጽሐፉ አካል ይመስለኛል። ዉልፍ እናቷን ያጣችው በ1895፣ በ13 ዓመቷ ነው። መጽሐፉ ሲወጣ እህቷ፣ ሠዓሊዋ ቫኔሳ ቤል፣ እናታቸው ከሞት የተነሣች ያህል እንደተሰማት በደብዳቤ ጽፋላታለች። በቅንፍ የሞተችው ሴት በሌላው ገጽ ሁሉ ይህን ያህል በሕይወት ያለችው ለዚህ ይሆናል።

የማርኬቲንግ ዓይኔ ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። መጽሐፉን ያሳተመው፣ ደራሲዋና ባሏ ሊዮናርድ በ1917 መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ በእጅ ማተሚያ የጀመሩት ሆጋርዝ ፕሬስ ነው። ሽፋኑን የሠራችው ያችው እህት ናት። ከመጽሐፉ ባገኙት ገንዘብም መኪና ገዙ። በቤተሰብ ቢዝነስ የሚከብዳችሁ ካላችሁ ይህን ያዙልኝ።

መጽሐፉን ለማግኘት ብዙ አትቸገሩም። ዉልፍ በ1941 ስላረፈች የቅጂ መብቱ በእንግሊዝ አብቅቷል፤ በአሜሪካም ከ2023 ጀምሮ ነጻ ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ያለ ክፍያ ብታነቡት ማንንም አትሰርቁም። መጀመሪያው ከከበዳችሁ ከመጀመሪያው ክፍል ምዕራፍ 17 ጀምሩ፤ የእራቱ ምዕራፍ ነው። አንዱ እንግዳ ሾርባ ሲደግም የቤቱ ጌታ ውስጥ ውስጡን ይበግናል። ሠራተኛዋ ሦስት ቀን የደከመችበት የሥጋ ወጥ ይቀርባል። ወይዘሮ ራምዚ ለስላሳውን ሥጋ ለማን እንደምታወጣ እየመረጠች፣ የሁሉንም ፊት ታነብባለች። የበዓል ዶሮ ሲወጣ እናታችሁን ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ ለዚህ ምዕራፍ የእኔ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።