ንግሥተ ሳባ በሐበሻ ማጀት

የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ተከታታይ ክፍሎች የሚተርከው ባህላዊ ሥዕል «የቱሪስት ዕቃ» ተብሎ መናቁ፣ ሠዓሊዎቹም የታሪኩን ምንጭ ክብረ ነገሥትን አዛብተዋል ተብለው መወቀሳቸው የተለመደ ሆኗል። ይህ ግን ሥዕሉን በቅጡ ሳይመለከቱ የሚሰጥ ፍርድ ነው።

በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በግእዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት እንደሚተርከው፣ ሰሎሞን እንግዳውን በግድ ላይነካት፣ እሷም ከቤቱ ምንም ላትወስድ ይማማላሉ፤ እሱ ግን አስቀድሞ የሚያስጠማ ምግብ አብልቷት ስለነበር፣ ሌሊት ውኃ ስትጠጣ መሐላሽን አፈረስሽ ብሎ ይይዛታል። ሠዓሊው ይህን ግብር ሲሥል የኢየሩሳሌምን ቤተ መንግሥት የሐበሻ ማጀት ያደርገዋል፤ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ድስት ይጣዳል፣ መሶብና ብርሌ ይቀርባል፣ ወጡም በበርበሬ ይቀላል። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የወጣው ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ስለሆነ ሰሎሞን ሊያውቀው አይችልም ነበር። ሆኖም በቤንች፣ በሸካና በከፋ ደኖች የሚበቅሉት ኮረሪማና ጥምዝ የሚገቡበትን ድልህ የቀመሰ ተመልካች፣ የንጉሡ ወጥመድ ምን እንደነበረ ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ስለዚህ ስሕተት የተባለው ነገር ሠዓሊው አውቆ የተጫወተው ጨዋታ፣ ጨዋታውም የመጽሐፉ ትርጓሜ ነው።

ሠዓሊው የመጽሐፉ ገልባጭ ብቻ አለመሆኑን የሥዕሉ መክፈቻም ያስረዳል፤ በክብረ ነገሥት የሌለው የዘንዶው የአርዌ ታሪክ ከሰሜን ኢትዮጵያ አፈ ታሪክ ተወስዶ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ይሣላልና።

እንዲህ ያለ ጨዋታ በሌላ አገርም አለ፤ በጃፓን ከ1765 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባለ ብዙ ቀለም የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ስሙ የገነነው ሱዙኪ ሃሩኖቡ፣ የ9ኛው መቶ ዘመን ባለቅኔ ኦኖ ኖ ኮማቺን በዘመኑ የከተማ ወይዘሮ አምሳል አቅርቧታል። ጥንታዊን ሰው በዛሬ ልብስ እያጫወተ የሚያሳየው ይህ ስልት ሚታቴ ይባላል፤ ታላላቅ ሙዚየሞችም ሥራዎቹን የሚያሳዩት በክብር ነው። ተመሳሳይ ብልሃት እዚያ ጥበብ፣ እዚህ ጥፋት የሚባልበት ምክንያት የለም።

ለገበያ ሲባል ያለ ሐሳብ የተገለበጡ ሥዕሎች መብዛታቸው እውነት ነው፤ የሃሩኖቡ ኅትመቶችም ግን ለገበያ የተሠሩ ነበሩ። ገልባጩን ከፈጣሪው መለየት የሐያሲ ግዴታ እንጂ ዘርፉን በጅምላ መናቂያ ሰበብ አይደለም። ሙዚየሞች የሠዓሊውን ስምና ዘመን ሊመዘግቡ፣ ትምህርት ቤቶችም ሥዕሉን ከክብረ ነገሥት ጋር ጎን ለጎን ሊያስተምሩ ይገባል፤ ግእዝ ለማያነበው ሕዝብ ያንን መጽሐፍ በዓይኑ ያነበበለት ይህ ሠዓሊ ነውና።