ሜዳውም ይመዘን

በተማሪዎች ምግብ ቤት «እንደ ይድነቃቸው ያለ አሠልጣኝ ዛሬ ከየት ይገኛል?» ማለት የዘወትር ወሬ ሆኗል። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ማስገኘታቸው ኩራታችን ነው። ነገር ግን ተወዳዳሪው 4 አገር ብቻ ነበር፤ ቱኒዚያንም ግብፅንም 4 ለ 2 የረታነው አዲስ አበባ ላይ፣ በወገን ፊት ነው። አቶ ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ለ2005ቱ ውድድር ያበቁን፣ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ረትተው ነው። አቶ ውበቱ አባተም በ2013 ዓ.ም. ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፉት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ግን ስታዲየማችን መመዘኛውን አላሟላም ተብሎ፣ ጋናን «በሜዳችን» የገጠምነው ደቡብ አፍሪካ ሄደን ነው። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ አሠልጣኝን ስንመዝን የሰጠነውንም ሜዳ አብረን እንመዝን።