የረመዳን ምጣድና የቆጣሪው ሐቅ

በረመዳን ከተራዊህ በኋላ የሚቀርቡልን ጥያቄዎች ስለ ጾምና ስለ ዘካ ነበሩ። አሁን አሁን የመብራት ሂሳብም ተጨምሯል። «በግቢው አራት አባወራ ነን፤ ሂሳቡን እኩል ተካፈሉ ይሉናል። እኛ ምጣድ የለንም፤ ይህ ሐቅ ነው ወይ?» የሚል ተከራይ ይመጣል። አከራዩም «ዋጋውን እኔ አልጨመርኩት» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸውና ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። «የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሳለ ሂሳቡ ለምን ይጨምራል?» ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ግድቡ ኃይል ያመነጫል፤ ኃይሉን ቤታችን ድረስ የሚያመጡት ግን ትራንስፎርመር፣ ሽቦና ቆጣሪ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ቀላል አይደለም። ምንዛሪው ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር አቅም ወርዷል። ስለዚህ ግድቡ አልቋልና ሂሳቡ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። በእጃችን ያለው አጠቃቀማችን ነው።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እንደ መሰላል ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ፍጆታው 100፣ 200፣ 300 እያለ ሲወጣ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል።

ፍጆታን መገመት ከባድ አይደለም። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት አባዝተን ለ1,000 እናካፍላለን። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። በሳምንት ሁለት ቀን ብንጋግር በአራት ሳምንት 56 ይሆናል፤ ምጣዱ ብቻውን የመጀመሪያውን ደረጃ አለፈ ማለት ነው። 10 ዋት አምፖል ግን በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ልጆችን «አምፖል አጥፉ» እያልን ምጣዱን ባዶውን የምናግል ከሆነ ትንሹን ጠብቀን ትልቁን አፍስሰናል።

እንግዲህ ሊጡ ኩፍ ሳይል፣ ማሰሻውና ሰፌዱ ሳይቀርብ ምጣድ አንሰካ። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራዎች ነቅለን በቀረው ግለት እናውጣ። ጎረቤታሞች ተራ ገብተው በአንድ ግለት ሁለት ቤት ቢጋግሩ ምጣዱን ሁለት ጊዜ ማጋል ይቀራል፤ ቆጣሪው የቆጠረባት ጎረቤት ድርሻዋ ይከፈላት። ለሾርባ የሚሆነውን እህል ከሌሊቱ እንዘፍዝፍ። ለኢፍጣር የፈላውን ሻይ በፔርሙዝ ብናቆየው ለሱሁር ምድጃ መለኮስ አያስፈልግም። መግሪብ ሲቃረብ ሁሉም ምድጃውን ስለሚለኩስ መስመሩ ይጨናነቃል፤ እንጀራውን ጠዋት የጋገረ ቤት ለጎረቤቱም ኃይል ተወለት።

ወደ ተከራዮቹ ጥያቄ እንመለስ። አራት አባወራ እያንዳንዳቸው 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙና ቆጣሪያቸው ለየብቻ ቢሆን ሁሉም በዝቅተኛው ዋጋ ይቆያሉ። በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን 180 ይሆናል። ቆጣሪው አራት ደካማ ቤቶች መሆናቸውን አያውቅም፤ እንደ አንድ ትልቅ ቤት ይቆጥራቸዋል። ለድሃ የታሰበው ዝቅተኛ ዋጋ ለድሃው ሳይደርስ ይቀራል። ታሪፍ የሚያወጡ አካላት ይህን ሊያስቡበት ይገባል። በአንድ ግቢ ለሚኖሩ አባወራዎች የየራሳቸውን ቆጣሪ የሚያገኙበት መንገድ ቢቀል መፍትሔው ቅርብ ነው።

እስከዚያ ግን ሐቁ በግቢው ሰዎች እጅ ነው። አከራይ ደረሰኙን ያሳይ፤ በላዩ ላይ ምንም አይጨምር። ክፍያው በአባወራ ቁጥር እኩል ከመሆን ይልቅ ማን ምጣድ አለው፣ ማን ማቀዝቀዣ አለው ተብሎ በተገመተው ፍጆታ ይከፋፈል። ከተቻለ ለየቤቱ አነስተኛ ቆጣሪ ይግባ። ተከራይም ምጣድ ሰክቶ «አልጋገርኩም» አይበል። ቆጣሪ አልፎ መስመር መቀጠልማ ግልጽ ስርቆት ነው።

ቁርኣን ስፍርና ሚዛን የሚያጎድሉትን በሱረቱል ሙጠፊፊን ያስጠነቅቃል። ቆጣሪም ሚዛን ነው። ኢስራፍን መተው ኪሳችንን ያሳርፋል፤ ሚዛኑን ማስተካከል ግን የሰው ሐቅ በላያችን እንዳይቀር ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ ከሐላል ምግብ ተከልክለን ማታ በጎረቤት ገንዘብ በጋገርነው እንጀራ እንዳናፈጥር፣ ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ የግቢው ሰዎች ደረሰኙን ይዘው አብረው ይቀመጡ።

ረመዳን ሙባረክ!